በሩ ሳይታመም የሚያፈስ ልብ
በኦሎምፒያ አካባቢ ለተሰበሰቡ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የተወደዳችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፦

በጤና ሙያ የምናገለግል እኛ ልጆቻችሁ ከምእመናን ደጋግመን የምንሰማውን አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። «አስቀድመው ልብሽ ደክሟል አሉኝ፤ ቆይተው ደግሞ የልብሽ በር ያፈስሳል አሉኝ። ሁለት በሽታ ያዘኝ ማለት ነው?» የሚል ነው።

ልብ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው አራት በሮች አሉት። ደም ወደ ፊት ሲያልፍ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ደግሞ ይዘጋሉ። በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር ሁለት መዝጊያዎች ሲኖሩት፣ እነርሱም በቀጫጭን ጅማቶች ከታችኛው ክፍል ጡንቻ ጋር ተያይዘዋል። ይህ በር በሁለት መንገድ ያፈስሳል።

አንደኛው በሩ ራሱ ሲታመም ነው። በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ዘንድ ዋነኛው ምክንያት የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ ልባቸው ላይ ይነሣል፤ መዝጊያዎቹም ይወፍራሉ፣ ይኮማተራሉ። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማእከል ከሚረዳቸው ልጆች ብዙዎቹ በዚህ ሕመም የተጎዱ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2010 ዓ.ም. አገሮች ሕመሙን እንዲከላከሉ ውሳኔ አሳልፏል።

ሁለተኛው በሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቤቱ ሲሰፋ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ወደ ውጭ ሲያዘነብል መቃኑ ይሰፋል፤ መዝጊያዎቹ ምንም ሳይጎድላቸው መግጠም ያቅታቸዋል። የደከመ ልብም እንዲሁ ነው። የታችኛው ክፍል ሲለጠጥ ጡንቻው ጅማቶቹን ወደ ታችና ወደ ውጭ ይስባል፤ የበሩም ዙሪያ ይሰፋል። የተመለሰው ደም ደግሞ ለደከመው ልብ ተጨማሪ ሸክም ስለሚሆን ልቡ ይበልጥ ይሰፋል፤ ማፍሰሱም ይበረታል።

ልብን ለዚህ የሚዳርጉት ለዓመታት ሳይታከም የኖረ የደም ግፊት፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የልብ ጡንቻ ድካምና የአልኮል መጠጥ ብዛት ናቸው። የልብ ምት መዛባትም የላይኛውን ክፍል በማስፋት በሩን ሊያላላ ይችላል። ሕመሙ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በልብ አልትራሳውንድ ነው።

ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። የተበላሸ በር ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ቤቱ በመስፋቱ የሚያፈስሰው ግን አስቀድሞ የሚታከመው በመድኃኒት ነው። መድኃኒቱ የልቡን ሸክም ሲያቀልል፣ በበርካታ ሕሙማን የሰፋው ክፍል ይሰበሰባል፤ መዝጊያዎቹም ይቀራረባሉ። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ የቀናውን ግድግዳ ድጋፍ እንደ መንቀል ነው።

አባቶቻችን ሆይ፣ የእናንተ ቃል ከእኛ ይልቅ የሚሰማው በዚህ ነው። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመቆየት ሲሉ የጠዋት መድኃኒታቸውን የሚተዉ ሕሙማን አሉ። የንስሐ አባት ሕመማቸውን ዐውቆ ጾሙን ቢያቀልላቸው ከሥርዓቱ አይወጣም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ምክንያት ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ማስተማራቸው ይታወሳል። ነገር ግን ልቡ የደከመ ሰው ብዙ ፈሳሽ ሲጠጣ ሰውነቱ ያብጣል፤ ስለዚህ የሚጠጣውን የጠበል መጠን ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት። በጾም ወጥም ቢሆን ጨው ይቀነስ።

የሰበካ ጉባኤ አባላትም ከካዛንቺስና ከአካባቢው ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱትን ምእመናን እንድታስቡ እንለምናለን። ቤት ሲቀየር የሕክምና ክትትል ይቋረጣል። በየዝክሩና በየማኅበሩ፦ «መድኃኒትህን ከየት ትወስዳለህ? ቀጠሮሽ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እግሩ ያበጠ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደቱ በድንገት የጨመረ ሰው ካገኛችሁ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።