ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳውስ?

(በጣና ዳር ለበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የመጣችሁት አንድ ሥራ ለመልመድ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቁጥር መጫን፣ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት፣ የታመመውን ሰው «እንዴት ከረምህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ታዲያ ለዚህ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ነርስ ሆኜ ሥራ ስጀምር እንዲሁ እል ነበር።

መጥቶ የሚሄድ በሽታ አለ። ወባ ይይዛል፤ መድኃኒቱን በወጉ የዋጠ ሰው በጥቂት ቀን ይድናል። ከሰው ጋር አብሮ የሚኖር በሽታ ደግሞ አለ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኤች አይ ቪ እንዲህ ናቸው። መድኃኒቱ በሽታውን ይገታዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም። ስለዚህ በሽተኛው ዛሬም፣ ነገም፣ ከርሞም መድኃኒቱን መውሰድ አለበት። ሰውነቱ ሲጠነክር «እንግዲህ ድኛለሁ» ይልና ይተወዋል። ወይም ይሰለቻል። አይዞህ የሚለው ሰው የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1996 ዓ.ም. ግድም፣ «ወገን» የሚባል የስልክ መስመር ተከፍቶ ነበር። ቁጥሩ 952 ነበር። የሚደውል ሰው ሂሳብ አይከፍልም፤ ስሙንም ተናገር አይባልም። ለጎረቤቱ ሊናገር ያፈረውን ሁሉ ለማያውቀው ድምፅ ይናገር ነበር። መልስ የሚሰጡትም የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ።

ቀጠሮ አልፎበት የጠፋውን ሰው መፈለግ ግን የየጤና ጣቢያውና የየሆስፒታሉ ሥራ ሆነ። ለዚህ ሥራ ከሠለጠኑት ብዙዎቹ ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ መድኃኒቱን ራሳቸው የሚውጡ ሰዎች ናቸው። የራባውን የሚያውቀው የተራበ ነው ይባል የለ! መዝገብ ያያሉ፣ የቀረውን ሰው ይለያሉ፣ ይደውላሉ። ዱሮ መድኃኒት ለመውሰድ በየወሩ፣ በየሁለት ወሩ መመላለስ ነበር። ከደቅ ደሴት ባሕር ዳር ለመምጣት ጀልባ መጠበቅ አለ። ማዕበል ከተነሳም ቀጠሮው አለፈ ማለት ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደኅና ለከረመ ሰው ለ6 ወር የሚበቃ መድኃኒት ይሰጠው ጀመር። ለገበሬ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን 6 ወር ሙሉ ነርስ አያየውም። በመሀል ቢያቆም ማን ያውቃል?

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

አንዲት ሴት ቀጠሮዋ አለፈ። ከመዝገቡ ላይ ቁጥሯን አውጥቼ ደወልሁ። ወንድ አነሳው። ችኩል ነበርሁና «ከኤች አይ ቪ ክፍል ነው፤ ቀጠሮዋ አልፏልና ንገርልን» አልሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «ከየት አልሽኝ?» አለ። ስልኩ የባሏ ወንድም ኖሯል። እሷ የራሷ ስልክ የላትም፤ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ቢደወል አይነሳም።

ከ7 ወር በኋላ በሰው ተደግፋ መጣች። ከስታ አላወቅኋትም። «እህቴ፣ ለበጎ እንደደወልሽ አውቃለሁ። እኔ ግን ከቤቴ ወጥቼ እናቴ ዘንድ ከረምሁ» አለችኝ። አልጮኸችም፤ አልረገመችኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒቱን እንደገና ጀመረች፤ ሰውነቷም ተመለሰ። ወደ ቤቷ ግን አልተመለሰችም።

እንግዲህ የሥልጠናው መጀመሪያ ይህ ነው። ከመደወል በፊት፣ ሰውየው ፊት ለፊታችሁ ሳለ ጠይቁት። ስልኩ የማን ነው? ማን ማን ያነሳዋል? በስንት ሰዓት ልደውል? ሌላ ሰው ቢያነሳው ማን ነኝ ልበል? ይህን ራሱ ይምረጥ። አንዲት የዘጌ ሴት «ስለ ቡናው ነው በይ፤ እኔ እገባለሁ» ብላኛለች። ይህ ውሸት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። እኔ ግን የሰው ምሥጢር ከማውጣት ይሻላል እላለሁ። ሌላ ሰው ካነሳው «በኋላ እደውላለሁ» ብሎ መዝጋት ነው። «ምንድን ነው ጉዳዩ?» ቢላችሁም ከዚያ በላይ አትናገሩ።

ፊደል መቁጠራችሁም እዚህ ላይ ይጠቅማል። የደወላችሁበትን ቀንና የተባባላችሁትን በደብተር ጻፉ። የበሽታውን ስም ግን ከሰውየው ስም ጋር አትጻፉ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡት። ዱሮ ደብተር ቤት ውስጥ ቢወድቅ የሚያነበው አልነበረም፤ ዛሬ ልጁም ጎረቤቱም ያነባል። በሳጥን ይቆለፍ።

ሁለተኛው ማዳመጥ ነው። ስልክ ፊት አያሳይም። ሰውየው ዝም ሲል ኔትወርክ የተቋረጠ ይመስላችሁና «ሃሎ! ሃሎ!» ትላላችሁ። ምናልባት እያለቀሰ ይሆናል። ጥቂት ታገሡ። «ጠበል ገብቻለሁ፤ መድኃኒቱን ትቻለሁ» የሚላችሁም ይኖራል። አትከራከሩት፤ እምነቱን የነካችሁበት ይመስለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳላችሁም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን መናገራቸውን በእርጋታ ንገሩት። መድኃኒት ሲቆራረጥ ቫይረሱ ይለምደዋል፤ ኋላ ያው መድኃኒት አይሠራም። ይህንንም ንገሩትና የነፍስ አባቱን እንዲያማክር፣ ወደ ጤና ጣቢያም እንዲመለስ ጠይቁት።

ሐኪም አትሁኑ። «አንዱን ኪኒን ቀንስ»፣ «ያንን ጨምር» ማለት የእናንተ ሥራ አይደለም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ» ካላችሁ ግን ጊዜ አትፍጁ። ቶሎ ስኳር ወይም ማር ይቅመስ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ቤተሰቡ ፈጥኖ ይውሰደው።

ወሬዬን ላሳጥር። አሁን ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ፊት ሳይታይ መነጋገርን ለመልመድ ስልክ እንኳ አያስፈልግም። አንዱ ደዋይ ይሁን፤ ሌላው የባል ወንድም ይሁን። የባል ወንድም የሆንህ፣ አትራራለት፤ «ማን ነህ? ከየት ነው? ምን ፈለግህ?» እያልህ አጥብቀህ ጠይቀው። ደዋዩ ምሥጢሩን ካወጣ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል። እኔ እየዞርሁ አዳምጣለሁ። እማማ፣ እርስዎ ከዚህ ልጅ ጋር ይሁኑ። በሉ፣ ደውሉ።