የአዳራሽ መብራት የሚፈተነው ሲደበዝዝ ነው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ መድረክ መብራት ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ተመልካቹ ስለሚቀመጥበት አዳራሽ መብራት ነው። የዚህ መብራት ተግባር ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሕዝቡ ወንበሩን ፈልጎ እንዲቀመጥና በአደጋ ጊዜ በሩን እንዲያገኝ ማብራት ነው። ሁለተኛው፣ በዝግታ እየወረደ ጫጫታውን ጸጥ ማሰኘትና ዓይንን ሁሉ ወደ መጋረጃው መመለስ ነው። ስለዚህ ተዋናዩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ትርኢቱን የሚጀምረው ይህ መብራት ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት እ.ኤ.አ. የ1881 ዓ.ም. የዲሴምበርን ወር ማስታወስ ይበቃል። በወሩ 8ኛ ቀን በቪየና የሪንግ ቴአትር ቃጠሎ ተነሥቶ የጋዙ መብራት በመጥፋቱ፣ ከ380 የሚበልጡ ሰዎች በጭስና በጨለማ መካከል መውጫ አጥተው አለቁ። በዚያው ወር 28ኛ ቀን በለንደን የሳቮይ ቴአትር ባለቤት ሪቻርድ ዶይሊ ካርት የበራ አምፖል በመድረክ ላይ ሰብሮ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ መብራት እሳት እንደማያስነሣ ለተመልካቹ አሳየ።

ከዚያ ወዲህ ባለክሩ አምፖል ከ100 ዓመት በላይ በታማኝነት አገልግሏል። ኃይሉ ሲቀነስ የፋኖስ ክር ዝቅ እንደሚደረግ ያህል ቀስ እያለ ይቀላል፣ ይደበዝዛል፣ ይጠፋል። የጋለው ክር ወዲያው ስለማይቀዘቅዝ የመቆጣጠሪያው እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ጉድለቱን ይሸፍናል። ኤል ኢ ዲ ግን ለዚያው ብርሃን ከሩብ ያነሰ ኃይል ቢፈጅም ይህ ትዕግሥት የለውም። ለተላከለት ትእዛዝ ሁሉ በቅጽበት ይታዘዛል፤ ስሕተቱንም ሳይደብቅ ያሳያል።

ችግሩ የሚታየው በመጨረሻዋ አሥረኛ ላይ ነው። የሰው ዓይን እንደ መለኪያ መሣሪያ አይቆጥርም። መሣሪያው 10 በመቶ ሲል ዓይናችን 30 በመቶ ያህል ብርሃን እንዳለ ይገምታል፤ 1 በመቶ ሲልም 10 በመቶ ይመስለዋል። እንግዲህ «እስከ 10 በመቶ ይደበዝዛል» ተብሎ የተሸጠ መብራት አዳራሹን ሲሶ ያህል በርቶ ይተወዋል፤ ከዚያም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ተመልካቹ በጸጥታ ፈንታ ድንጋጤ ያገኛል። መቆጣጠሪያውም በ256 ደረጃዎች ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ከ2ኛው ወደ 1ኛው ደረጃ መውረድ ትእዛዙን በአንድ ጊዜ በግማሽ መቀነስ ስለሆነ ብርሃኑ እየዘለለ ሲወርድ ይታያል። 65,536 ደረጃ ያለው ቁጥጥር ይህን መዝለል በእጅጉ ያለዝበዋል።

ሌላው ጥንቃቄ አሮጌውን ዲመር ይመለከታል። ለባለክር አምፖል የተሠራ ዲመር የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆረጠ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከባድ ጭነትን ለመሸከም የታሰበ ነው። ጥቂት ዋት ብቻ የሚስብ ኤል ኢ ዲ ሲገጠምለት መብራቱ ብልጭ ድርግም ሊል፣ ወይም ጠፋ ከተባለ በኋላ ጭላንጭል ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም አምፖል መለወጥ ብቻውን እድሳት አይደለም፤ መብራቱ፣ የኃይል አቅራቢው ክፍልና መቆጣጠሪያው እንደ አንድ ዕቃ ተመርምረው መገዛት አለባቸው።

ስለዚህ ለግዥ ኮሚቴዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት ናሙናው በራሱ አዳራሽ፣ በራሱ መቆጣጠሪያ፣ መስኮትና በር ተዘግቶ ይፈተን። ከሙሉ ብርሃን እስከ ፍጹም ጨለማ በ10 ሴኮንድ፣ ቀጥሎም በ30 ሴኮንድ ይውረድ፤ ከጨለማም ተመልሶ ይውጣ። ትርኢት የሚቀረጽ ከሆነ በካሜራም ይታይ። የአደጋ ጊዜና የመውጫ መብራቶች ግን ዋናው ኃይል ሲቋረጥ በራሳቸው ባትሪ የሚበሩ፣ ከማደብዘዣው ሥርዓት ነጻ የሆኑ ይሁኑ። ቪየና ያስከፈለችን ትምህርት ይህ ነውና።

ሻጭ ዕቃውን የሚያሳየን አብርቶ ነው። እኛ ግን አደብዝዘን፣ ከዚያም አጥፍተን እንየው።