ከስሙ በፊት ጽሑፉ፦ ስለ ጎቲክ ልብ ወለድና ስለ ሂስ



ልብ ወለድ እጽፋለሁ፤ ሂስም አስተምራለሁ። በሁለቱ መካከል ቆሜ ደጋግሜ የማስበውን አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1764 መጨረሻ እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ስሙን ደብቆ አሳተመ። በመቅድሙም መጽሐፉ በ1529 ኔፕልስ ውስጥ ከታተመ የጣሊያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ መሆኑን ገለጸ። የመስፍኑን ልጅ አድቅቆ የገደለ ግዙፍ የራስ ቁር፣ ከሥዕሉ ወጥቶ የሚራመድ አያት የሚገኙበት ታሪክ ነው። «መንዝሊ ሪቪው» የተባለው የሂስ መጽሔት በመልካም ተቀበለው። በ1765 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ዋልፖል ደራሲው ራሱ መሆኑን ተናዘዘ፤ ጥንታዊውንና ዘመናዊውን ትረካ ለማዋሐድ መሞከሩንም አስረዳ። ያው መጽሔት ፍርዱን ገለበጠ። የጥንት ሰው ጽፎታል ብሎ ይቅር ያለውን፣ የዘመኑ ሰው መጻፉን ሲያውቅ ነቀፈው።

የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ም በ1818 ያለ ደራሲ ስም ነው የታተመው። ዋልተር ስኮት የባሏ የፐርሲ ሼሊ ሥራ መስሎት በአክብሮት ገመገመው። ደራሲዋ ሴት መሆኗን የሰማ ሌላ መጽሔት ግን ሴትነቷን ጥፋቱን የሚያከብድ ነገር አድርጎ ቆጠረው።

ደራስያኑ ራሳቸው ምን ይሉ ነበር? አን ራድክሊፍ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1826 በታተመ ጽሑፏ፣ ሥጋትን ከዘግናኝ ነገር ለይታ አስረድታለች። ሥጋት ነፍስን ያሰፋል፣ ያነቃልም፤ ዘግናኙ ግን ያኮማትራታል፣ ያደርቃታልም። በተዘጋ በር ፊት የቆመ አንባቢና በሩ ተከፍቶለት ሬሳውን ያየ አንባቢ ልዩነታቸው ይኸው ነው። ዛሬም ጎቲክን ስናስተምር የምንገለገልበትን ይህን መለያ ያበጀችልን ልብ ወለድ ጸሐፊ ናት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ስለ አንድ ባዶ ቤት የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ አመጣልኝ። ሁለት ገጽ አንብቤ የሙት መንፈስ ታሪክ መሆኑን ስረዳ፣ በቀይ እስክሪብቶ «የመዝናኛ ጽሑፍ ነው» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጽሑፍ አምጥቶልኝ አያውቅም። ቤቱ ለምን ባዶ እንደ ሆነም እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የደራሲውን ማንነትና ዘመኑን ማወቅ የሂስ አንዱ ሥራ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ከንባብ ሲቀድም ፍርድ ይሆናል። ስለዚህ የዘንድሮ ተማሪዎቼ ጽሑፎቹን ያለ ደራሲ ስምና ያለ ዘውግ መጠሪያ ይቀበላሉ። አስተያየታቸውን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ስሙን እነግራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ሐሳቡን መለወጥ የሚሻ ሁሉ ከጽሑፉ ውስጥ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንዳስለወጠው ያሳየኛል።