የሰው ገንዘብና የሰው ጊዜ

(ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች አቀባበል በተደረገበት ምሽት በሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)




ሕክምና የሚማረውን ተማሪ ምን እንደምትማር ንገረን የሚለው የለም፤ ምሕንድስና የሚማረውንም እንዲሁ። እኛን ግን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀናል። «የሕዝብ አገልግሎትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አስተዳደር» ብለን ስንመልስ አንዳንዱ «እንግዲያው ሹመት ነው የምትማሩት» ይለናል፤ ሌላው ደግሞ «ደግ ለመሆንም ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ ይስቅብናል። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ስለ ሆኑ ንግግራችን በእነርሱ ላይ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ሹመቱ። ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን የሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ እየበዛ፣ ጽሕፈቱም እየተራቀቀ መጣ። የመንግሥት ሠራተኛን በሥራው ማሠልጠን ግን ዘግይቶ የመጣ ሐሳብ ነበር። የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ያለ ትምህርት ቤትና ያለ ደመወዝ ሲያስተምር ኖሯል። የእኛ ትምህርት የሚሟገተው ከዚህ አሮጌ መምህር ጋር ነው።

የምንማራቸው ነገሮች ስማቸው ብዙ ነው፤ በጀት፣ ሒሳብና ኦዲት፣ የአስተዳደር ሕግ፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ ስታቲስቲክስ፣ የፕሮጀክት ዕቅድ። ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳሉ። ይኸውም የእኛ ያልሆነ ገንዘብና የእኛ ያልሆነ ጊዜ በእጃችን ሲገባ ምን እናደርገዋለን የሚል ነው። ገንዘቡን ሁሉም ያስበዋል። ጊዜውን ግን እኛም ሳናስበው ቆይተን ነበርና በምን እንደ ተማርነው እንንገራችሁ።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት ሙሉ ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹም በመምህርነት አገልግለዋል። የእኛ የሥራ ልምምድ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው። ባለፈው ዓመት ጥቂቶቻችን በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመድበን ነበር። በግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል፤ የትኛው ጉዳይ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ በጥሩ ጽሕፈት ተዘርዝሮበታል። ከሥሩ ባለው ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት የባላቸውን ሞት የሚያስረዳ ወረቀት ሊያወጡ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙ ግን በመሳቢያ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ በኃላፊው ኪስ ነው፤ ኃላፊውም ስብሰባ ሄደዋል።

«እማማ፣ ነገ ይምጡ» አልናቸው። ይህን ያለው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛ ነን። በማግሥቱም እንዲሁ አልን። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አስተካክለው ትክ ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ እናንተም ተምራችሁ ነው እንዲህ የምትሉኝ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በትምህርት ክፍል ውስጥ ስለ ሥልጣን ውክልና ያጠናነው ሁሉ ከአፋችን ጠፋ።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ተሰብስበን ጉዳዩን መረመርነው። ክፉ ሰው ፈለግን፤ አላገኘንም። ኃላፊው ጉቦ አልጠየቁም፤ ጸሐፊዋም ሰነፍ አልነበረችም። የጎደለው፣ ኃላፊው በማይኖሩበት ጊዜ ማኅተሙን የሚይዝ ተወካይ በጽሑፍ አለመሰየሙ ብቻ ነው። ይህን ለማስተካከል አንድ ብር በጀት አያስፈልግም። በሪፖርታችን ላይ ይህንኑ ጻፍን፤ ኃላፊውም ተቀብለው በመጨረሻው ሳምንታችን ቁልፉን ለምክትላቸው አስረከቡ። ነገር ግን የእኒያ ባልቴት ሦስት ቀን አልተመለሰም። ከመንግሥት ካዝና ሦስት መቶ ብር ቢጎድል ኦዲተር ይመጣል፤ ከአንዲት ድኻ ሦስት ቀን ሲወሰድ ግን የሚመዘግብ የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ለደግነት ዲግሪ አያስፈልግም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ከግሸን ማርያም ጉዞ ሲመለሱ በረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ዲግሪ አላስፈለጋቸውም። ሕፃናቱ ከሁለት ወደ ሃያ፣ ከዚያም ወደ ብዙ ሲበዙ ግን የቀለቡን፣ የትምህርት ቤቱንና የሠራተኛውን ጉዳይ የሚያዝ ድርጅት አስፈለገ። እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉም ማኅበራቸው ሥራውን አላቋረጠም። መሥራቹን በሕይወት የሚተካ ድርጅት በደግነት ብቻ አይሠራም።

ሕጉም ቢሆን ዕውቀት ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ማኅበራት በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር፤ የአስተዳደር ወጪንም በ30 በመቶ ወስኖ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ክልከላ ሲያነሣ የአስተዳደር ወጪውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ነዳጁና የቤት ኪራዩ ከየትኛው ወገን ይቈጠራል እያልን በክፍል ውስጥ ስንከራከር ደወል የሚደወልብን ብዙ ጊዜ ነው። ክርክሩ ደረቅ ይመስላል፤ በስተኋላው ግን ከመቶው ብር ስንቱ ለሕፃኑ ደረሰ የሚል ጥያቄ አለ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ዕድር አላቸው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ በስብሰባ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ይነበባል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በዚያው ቀን ይተከላል እንጂ ለቀስተኛውን «ነገ ይምጡ» የሚል ገንዘብ ያዥ ሰምተን አናውቅም። ይህ የሚሆነው ገንዘብ ያዡ ከሌላው ሰው ይልቅ ቅዱስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ገንዘቡን ያዋጡት ጎረቤቶቹ በየቀኑ ስለሚያዩት ነው። በመሥሪያ ቤት የጎደለን ይህ ዓይን ነው፤ ትምህርታችንም ይህን ዓይን በደንብና በመዝገብ ለመተካት የሚደረግ ጥረት ነው።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናዘዝ። የትምህርት ክፍላችን ማኅበር ከእያንዳንዳችን መዋጮ ይሰበስባል። ባለፈው ዓመት መዝገቡ የተነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በችኮላ። ስለ ኦዲት ፈተና የምንፈተን ሰዎች የገዛ መዝገባችንን ካልገለጥን የምንማረው ለምስክር ወረቀት ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ ገቢና ወጪው በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ገንዘብ ያዡ በማይኖርበት ጊዜም ተወካዩ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲታወቅ ሐሳብ እናቀርባለን። መምህሮቻችንም መዝገቡን እንዲመረምሩልን በትሕትና እንለምናለን።

አዲስ የገባችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከእናንተ ብዙዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣላችሁ። በፊታችሁም አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይቆማሉ። ያን ጊዜ የምትሰጡት መልስ የትምህርታችሁ እውነተኛ ውጤት ይሆናል።