ችግኝ የሚቆጠረው ሲጸድቅ ነው

በመርካቶ አካባቢ ስለ ጎመን ችግኝ ተከላ የተሰጠ ገለጻ




በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ባዶ መሬት ውድ ነው። በመርካቶ ከሱቅ፣ ከመጋዘንና ከመኖሪያ የሚተርፈው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ የሲሚንቶ ግቢ ነው። ጎመን ግን ሰፊ ቦታ አይጠይቅም። ከምናለሽ ተራ የተገዛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ፣ ሥሩ ተበስቶ፣ አፈርና የበሰበሰ ኮምፖስት ከተሞላ አንድ ጥቅል ጎመን ወይም ሁለት እግር የሐበሻ ጎመን ያበቅላል። ዋናው ፈተና ችግኙ ከመደብ ተነሥቶ እስኪጸድቅ ያለው አንድ ሳምንት ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው። ምን እንደ ነበረበት ያልታወቀ ጀሪካን በርካሽ ቢገኝም ይቅር። የፀረ ተባይ፣ የቀለም ወይም የአሲድ ዕቃ ታጥቦ አይጠራም። ጎመኑን የሚበሉት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

ችግኝ ሲነቀል ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አያቆምም። መጠውለግ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ የሚከተለው ይፈጸም፦

1. ችግኙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜና 4 ወይም 5 ቅጠል ይኑረው። እምቡጡ የተቀነጠሰ ጥቅል ጎመን ስለማይጠቀልል አይተከል።
2. ከተከላው አንድ ሳምንት በፊት ውሃው ይቀነስ፣ ጥላው ይነሣ። ከመነቀሉ በፊት ባለው ምሽት ግን መደቡ በደንብ ይጠጣ።
3. ተከላው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም በደመና ቀን ይሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት መንደር ተከላው ከውሃው ቀን ጋር ይገጣጠም። የቱቦ ፍሳሽ አይጠጣ።
4. ሥሩ ሳይታጠፍ እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ይቀበር፣ ዙሪያው በጣት ይጠቅጠቅ። አንዱ ቅጠል ቀስ ተብሎ ሲሳብ ችግኙ ከነሥሩ ከወጣ አፈሩ አልጠበቀም።
5. ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሙቀት ስለሚመልሱ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት እኩለ ቀን ላይ በካርቶን ይጠለል።

መሬት ያላቸው አባላት በመስመሮች መካከል 60፣ በችግኞች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ጎመን በተነሣበት አፈር መልሶ ጎመን መትከል በሽታን ያከርማል፤ ቆስጣ፣ ካሮት ወይም ሽንኩርት ይተካበት።

አመራሮችም ችግኝ በታደለ በ15ኛው ቀን ተመልሰው የጸደቀውን ቢቆጥሩ መልካም ነው። የታደለ ችግኝ ወጪ ነው፤ ለአባሉ ድስት የሚደርሰው የጸደቀው ነው። አንድ ሺህ አድሎ መቶ ከማጽደቅ ሁለት መቶ አድሎ ሁሉንም ማጽደቅ ይሻላል።