ከበዓል ማዕድ የሚላክ መክፈልት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለ በዓል ማዕድ ነው፤ ይኸውም ከወዳጅ ጋር ተሰብስቦ በሆቴልና በምግብ ቤት በዓልን ስለ ማሳለፍ፣ እንዲህ ባለው ማዕድ ላይም ክርስቲያን ሊያደርገው የሚገባው ምን እንደ ሆነ ነው። ነገሩን ከሩቅ እንዳናየውም በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ይልቁንም በጭሮ ላይ አድርገን እንመለከተዋለን።

ጭሮ፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያለ የሚጠራት ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጨርጨር ተራሮች መካከል የተቀመጠች የመንገድ ከተማ ናት። ከአዋሽ ተነሥቶ በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል ሽቅብ የወጣ መንገደኛ በእርስዋ ያልፋል፤ ወደ ሂርና፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚቀጥለውም፣ ወደ በዴሳና ወደ ገለምሶ የሚታጠፈውም በእርስዋ ያርፋል። እንግዳ ተቀብሎ ማብላት ለዚህች ከተማ የቆየ ሥራዋ ነው። ከታኅሣሥ 19 እስከ ጥር 12 ቀን ባለው ወራት ግን ይህ ሥራ እጥፍ ይሆናል። ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ራስ መኰንን ባሠሩት በቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ለሚከበረው በዓል ስእለቱን የያዘው ምእመን ከየአገሩ በዚሁ መንገድ ይጎርፋል። ያን ጊዜ ኅዳር 15 ቀን የገባው ጾመ ነቢያት ገና ያልተፈታ በመሆኑ፣ ለተሳላሚው የሚቀርብለት ሽሮውና በያይነቱ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን፣ ልደት ሲሆን ጾሙ ይፈታል፤ ዶሮው ይሠራል፤ ሰንጋው ይታረዳል። ቀጥሎ ከተራና ጥምቀት ይመጣሉ፤ በማግሥቱም ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ይከበራል።

ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የደስታ ወራት የምትደመድመው ጌታችን በሰርግ ቤት ተጠርቶ የተቀመጠበትን ቀን በማሰብ ነው። ስለዚህ ከወዳጅ ጋር በልቶ ጠጥቶ ደስ መሰኘትን ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት ከእኛ ዘንድ የለም። ጌታችን የሰርጉን ቤት አልናቀም፤ የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜም በእናቱ በእመቤታችን ምልጃ የደጋሹን ሐፍረት አራቀለት። ከቀራጩ ከሌዊም ቤት ገብቶ በማዕድ ተቀምጧል።

ዛሬ በጭሮም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች በዓልን ከቤት ውጭ የሚያሳልፈው ሰው በዝቷል፤ ለዚህም ብዙ ምክንያት አለ። ከዘመዱ ርቆ የተመደበ መምህር አለ፤ ጭነቱን አድርሶ ሳይመለስ በዓሉ መንገድ ላይ የደረሰበት ሾፌር አለ፤ በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ እናቱ ቤት የማትደርስለት ተማሪ አለ። እንዲህ ያሉት ጥቂት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው በአንድ ገበታ ዙሪያ ቢሰበሰቡ፣ ብቸኝነታቸውን አስወግደው ወንድማማች ሆኑ እንጂ ምን በደሉ? ባልና ሚስትም ከልጆቻቸው ጋር ወጥተው አንድ ቀን ቢመገቡ፣ ዓመቱን ሙሉ በጭስ የከረመችው እናት አንድ ቀን ዐረፈች። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ነገር ግን፣ ወገኖቼ ሆይ፣ ማዕዱ ከቤት ወደ ሆቴል ሲዛወር አብሮት ያልተዛወረ አንድ ነገር እንዳለ እናስተውል። በቤት የሚደረገው ድግስ ማንም ሳያዝዘው የሚጠበቅ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ገበሬው የማሽላና የበቆሎ አገዳውን በእጁ እያጎረሰ ያደለበው የሐረር ሰንጋ ለበዓል ሲገዛ፣ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ ሥጋውን በመደብ በመደብ እኩል ከፍለው፣ ዕጣ ጥለው ይወስዱት ነበር፤ ይህን ቅርጫ እንለዋለን። ማኅበር የጠጡ እንደ ሆነ በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም የተዘከረው እንጀራና ጠላ በደጅ ለተቀመጠው ነዳይ ሳይደርስ ማኅበሩ አይነሣም ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በዚህ አገርም፣ ክርስቲያኑ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን አይረሳም፤ ለእርሱ የሚሆነውን ራሱ እንዲያርድ ያደርጋል፤ ጠላና ጠጅ ለማይቀምሰውም ብርዝ ይበጠብጥለታል። ታሞ የተኛ ዘመድ ቢኖር ልጅ በሰሐን ይዞ ይላካል። ይህ ተከፍሎ የሚላክ ድርሻ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ መክፈልት ይባላል።

እንግዲህ የቤት በር በበዓል ቀን ገርበብ ብሎ ይውላል፤ ያልተጠራ ሰው ቢመጣ እንኳ ቤት ለእንግዳ ይባላል። የሆቴል በር ግን ዘበኛ አለው። ዘበኛውን አንወቅሰውም፤ የተቀጠረበትን ሥራ ይሠራል። ወቀሳው ወደ እኛ ወደ ተቀመጥነው ይመለሳል። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 16 የጻፈውን፣ አባቶች ነዌ ብለው የሚጠሩትን ባለጠጋ አስቡ። ነዌ ድኻውን አልዓዛርን ደበደበው አልተባለም፤ ገንዘቡን ቀማው አልተባለም። በደሉ አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ሳለ እርሱ በየቀኑ እየተመገበ አለማየቱ ነው። የእኛ ነገር ከነዌ የሚከፋበት አንድ መንገድ አለ። አልዓዛር ቢያንስ እስከ ነዌ ደጅ ደርሶ ነበር፤ የእኛ አልዓዛር ግን ከሩቅ ስለሚመለስ ፊቱን ሳናየው እናመሻለን፤ ያላየነው ሰው ደግሞ የሌለ ይመስለናል።

ይህ በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት የአንጾኪያ ከተማ ሰዎች የአዲስ ዓመታቸውን ቀን በመጠጥና በጭፈራ ባሳለፉ ማግሥት፣ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ነዌና ስለ አልዓዛር ማስተማር ጀመረ። በተከታታይ በሰጠው በዚያ ትምህርቱም፣ ካለን ለድኻ አለማካፈል ከድኻው እንደ መቀማት የሚቆጠር መሆኑን አስረድቷቸዋል። ከእርሱ በፊት ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች የገሠጻቸው፣ በአንድነት ተሰብስበናል እያሉ ያለው ጠግቦ ሲሰክር የሌለው በዚያው ጉባኤ ተርቦ ስለሚወጣ ነው።

የሚራበው በውጭ ያለው ብቻ እንዳይመስለን። ጓደኛሞች ለበዓል በሆቴል ለመገናኘት ሲቀጣጠሩ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ የሚቀር አንድ ሰው አለ። ሥራ የለበትም፤ የሌለው የሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ያን ቀን በክራይ ቤቱ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ እኛም ሰው መጥላት ጀመረ እያልን እናማዋለን። ደግሞ እንዳይቀር ብሎ ተበድሮ የሚመጣ አለ፤ የእርሱ ጉርሻ በጉሮሮው ይተናነቀዋል፤ የበዓሉም ዕዳ እስከ ዐቢይ ጾም ይከተለዋል። እንዲሁም ማዕዱን የሚያቀርቡልን ልጆች፣ በጓዳ የምትሠራው ወጥ ሠሪ፣ ዕቃ የምታጥበው እኅት፣ በዓሉ የእነርሱም በዓል ነው። እኛ ሒሳቡን ከከፈልን በኋላ ለወሬ የምንቀመጥባት እያንዳንዷ ሰዓት፣ እናቱን የሚጠብቅ ልጅ ዓይኑን ከበር ሳይነቅል የሚያመሽባት ሰዓት ናት።

በዚህ አገር የኖረ ሰው ማጣትን በወሬ ብቻ አያውቀውም። በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ ጎድቶት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በበዓላቱ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በተደጋጋሚ በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ልደትንና ጥምቀትን በመጠለያ አሳለፈ። ያ ስፍራ ወደ ጭሮ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ ነው፤ በዚያ ዓመት ወደ ቁልቢ የወረደውና የተመለሰው መንገደኛ በዚያው አጠገብ አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይደረግ? ደስታውን እናቁመው? ገዥው ነህምያና ካህኑ ዕዝራ ይህን ጥያቄ መልሰውልናል። ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ፣ ቀኑ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ነውና እንዳያዝኑ፣ ሄደው መልካሙን እንዲበሉ፣ ጣፋጩንም እንዲጠጡ ነግረዋቸዋል፤ ነገር ግን በዚያው ቃል ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ድርሻውን እንዲልኩ አዘዋቸዋል። መብላቱና መላኩ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ግማሹን ይዞ ግማሹን የጣለ በዓሉን አላከበረም።

አንድ ሰው፣ ድኻ ሁሉ ወደ ሆቴል ይግባ ማለትህ ነውን? ዋጋውስ የሚቻል ነውን? ሊል ይችላል። ከአቅም በላይ የሚጠይቅ የለም። የምንለው በማዕዳችሁ ላይ የአንድ ሰው ድርሻ ጨምራችሁ አስቡ ነው። አምስት ሆናችሁ ስትቀመጡ ለስድስት እዘዙ፤ ስድስተኛውም ገና ትኩስ ሳለ፣ እጃችሁን ወደ ገበታው ሳትሰዱ፣ ተጠቅልሎ ይውጣ። ከበላችሁ በኋላ የቀረውን አስጠቅልላችሁ ብትሰጡም እንዳይደፋ ማድረጋችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ ትራፊ ነው፤ መክፈልት አይደለም። ትራፊ እኛ ስንጠግብ የተወነው ነው፤ መክፈልት ግን ሳንርቀው ያሰብነው ወንድማችን ድርሻ ነው። በአዲስ አበባ የሆቴል ትራፊ ቡሌ ተብሎ ለድኻ እስከ መሸጥ መድረሱን የሰማ ሰው፣ ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳልሆነ ይረዳል።

የቀረውንም እንዲሁ በሥርዓት እናድርገው። አስቀድመን ቅዳሴውን እናስቀድስ፤ የልደት ማዕድ በቤተ ልሔም የተወለደውን ሳያመሰግኑ የሚቀርቡት ማዕድ አይደለምና። እየቀረ ያለውን ጓደኛ ሄደን ከቤቱ እናምጣው፤ ድርሻውንም ቀኝ የምታደርገውን ግራ እንዳታውቅ ሆነን በዝግታ እንክፈልለት። ላስተናገደን ልጅ ጉርሻውን አንንፈገው፤ ቃላችንንም አናክፋበት፤ በጊዜም ተነሥተን ወደ ቤቱ እናሰናብተው። መጠጥንም በልክ እናድርገው፤ ይልቁንም መኪና የሚነዳው ፈጽሞ አይቅመስ። ከጭሮ ወደ ሂርና የሚወስደው የተራራ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በቤቱ የሚጠብቁት ልጆች ከበዓሉ ሁሉ የሚበልጠው ስጦታቸው የአባታቸው በደኅና መመለስ ነው።

ጌታችን ግብዣ በምታደርጉ ጊዜ ብድር የሚመልሱላችሁን ብቻ አትጥሩ ብሎ ያስተማረው ወዳጆቻችንን እንድንተው አይደለም፤ ወዳጅነታችን ከገበታችን ጠርዝ አልፎ እንዲሄድ ነው። ወዳጅ ለወዳጁ ቢጋብዝ በሚመጣው በዓል ይመለስለታል፤ በዚህ ሒሳቡ ተዘጋ። ለማይመልስ ሰው የተላከው መክፈልት ግን ሒሳቡ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በጻድቃን ትንሣኤ የሚከፍለው ራሱ ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ በመጪው በዓል በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ፣ በሚኤሶም፣ የትም ብትሆኑ፣ ከወዳጆቻችሁ ጋር ደስ ብሏችሁ ተቀመጡ። አስተናጋጁ መጥቶ ምን ልታዘዝ ባላችሁ ጊዜ ግን፣ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ በሩ ተመልከቱ፤ ከዚያም የምታዝዙትን እዘዙ።

በቃና ዘገሊላ የጎደለውን የሞላ አምላክ የእናንተንም ጎዶሎ ይሙላ፤ ማዕዳችሁን ይባርክ፤ የታመሙትን ይማር፤ የተፈናቀሉትን ወደ ቤታቸው ይመልስ፤ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።