ተሻለኝ ካልን በኋላ

(በጫጫ በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



ግርሻ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናቶቻችን ከበሽታው ይልቅ ግርሻውን ይፈሩ ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቀን በኋላም «ገና ነሽ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» እያሉ ጋቢ ደርበው ያስተኙን ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮሮና ግርሻ ነው።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ስኳር ስላለባት፣ ኮሮና እንደያዛት ሐኪሟ ፓክስሎቪድ የተባለውን ኪኒን አዘዘላት። ምልክቱ በታየ በ5 ቀን ውስጥ ተጀምሮ ጠዋትና ማታ ለ5 ቀን የሚዋጥ ነው። ሁለት መድኃኒት አለበት፤ ኒርማትሬልቪር ቫይረሱ እንዳይራባ ያግዳል፣ ሪቶናቪር ደግሞ ጉበት ያንን መድኃኒት ቶሎ እንዳያጠፋው ያደርጋል።

እህቴ አንድም ሳታስቀር ጨረሰች። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ምርመራውም ነጻ ነሽ አላት። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ጉሮሮዋን ይከረክራት ጀመር። በማግስቱ አራስ ልትጠይቅ ቀጠሮ ነበራት። «ብርድ ነው» ብላ ልትሄድ ስትል ልቧ አልፈቀደም። ተመረመረች፤ ቫይረሱ እንደገና ተገኘባት።

ስትደውልልኝ ታለቅስ ነበር። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃት «ሳትድን ድኛለሁ ብላ ልትመጣብን ነበር» መባሉ ነው። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ «መድኃኒቱን አቋርጠሽ ይሆናል» አልኳት። ተሳስቼ ነበር።

የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ሐምሌ 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ኮሮና ተገኘባቸው። ይህንኑ መድኃኒት ወስደው ነጻ ከተባሉ በኋላ ሐምሌ 23 እንደገና ተገኘባቸው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ግርሻው ካገገሙ በኋላ ከ2 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ እንደሚታይ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አሳውቆ ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ ያልወሰደ ሰውም ያገረሽበታል። አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ብሎ በጥቂት ቀን ይለቃል።

«ታዲያ መድኃኒቱ ምን ይረባል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሥራው በሽታው እንዳይጠና ማድረግ ነው። በዋናው ጥናት፣ ክትባት ባልወሰዱና ለጽኑ ሕመም በተጋለጡ ሰዎች ላይ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት አደጋን በ90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ነገር ግን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ፣ ለምሳሌ ለቲቢ ከሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጋር፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

እኛ ለቅሶ ደራሽ፣ አራስ ጠያቂ፣ ማኅበርተኛ ነን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ፣ ሐዘንተኛ ሳናቅፍ የተመለስንበትን ቀን አንረሳውም። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ ተሽሏት እንደገና ሳል፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም የጀመራት እህት ቤቷ ትቆይ፤ ከሰው ጋር መሆን ካለባት አፍና አፍንጫዋን ትሸፍን፤ መስኮት ትክፈት፤ ከሽማግሌና ከሕፃን ትራቅ። ትንፋሽ ካጠራት ግን ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትሂድ። እኛም ቀረች ብለን አንቀየማት፤ አገረሸባት ብለንም ጥፋተኛ አናድርጋት።

እህቴ እንደገና ለብቻዋ ተቀመጠች። ጓደኞቿ ምግቧን በር ላይ እያኖሩላት አገገመች። አራሷን የጠየቀቻት ዘግይታ ነው፤ ሕፃኑን ግን ሳትሰጋ አቀፈችው።